ፀሐይ የምትሰነጥቀው፣ አየር መልሶ የሚገጥመው

የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ከመኪና ጭስ ማውጫ፣ ከናፍጣ ጄኔሬተር፣ ከፋብሪካ ምድጃ፣ ከሚቃጠል ሣር፣ ከመብረቅና ከአፈር ተነስተው ወደ አየር ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ዕጣቸውን ከሚወስኑት ነገሮች ቀዳሚው የፀሐይ ብርሃን ነው። ብርሃን እነዚህን ሞለኪውሎች እንደሚሰነጥቅ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ተረጋግጧል፤ ከዚህ እውነት ግን አንድ የተሳሳተ ድምዳሜ በቀላሉ ይወጣል። ፀሐይ ከሰነጠቀችው ታጠፋዋለች፣ እንግዲህ ፀሐይ የበዛበት አገር አየር ራሱን በራሱ ያጠራል የሚል ድምዳሜ ነው። እኔ የማየው ማስረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ በብርሃን የተሰነጠቀው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገጠማል፤ በመሃል የወጣችው አንዲት የኦክስጅን አቶም ደግሞ ኦዞን ትሠራለች። ብርሃን እነዚህን ኦክሳይዶች በእርግጥ አፍርሶ ወደ ንጹሕ ናይትሮጅን የሚመልስበት ስፍራ አለ፤ እሱ ግን ከሳንባችን በአሥርት ኪሎ ሜትሮች የሚርቅ ከፍታ ላይ ነው። ብክለቱን ለፀሐይ ትቶ መቀመጥ የማያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብርሃን አንድን ሞለኪውል ለመሰንጠቅ ሁለት ነገር መሟላት አለበት። የብርሃኑ ቅንጣት የተሸከመው ጉልበት አቶሞቹን ካያያዘው ትስስር መብለጥ አለበት፤ ሞለኪውሉም ያንን ብርሃን መዋጥ መቻል አለበት። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የኦክሳይዶቹን ዕድሜ እጅግ ያራራቀው ግን በተለይ እሱ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድን እንውሰድ፤ በሕክምና ለማደንዘዣ የሚያገለግል፣ ማዳበሪያ ከበዛበት አፈርም የሚወጣ ጋዝ ነው። ኦክስጅኑ የተያያዘበት ትስስር በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ካለው የላላ ነው። ያም ሆኖ ናይትረስ ኦክሳይድ በአየር ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ ሲቆይ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በቀትር ፀሐይ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚውጠው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ240 ናኖሜትር ገደማ በታች የሆነውን ነው፤ እንዲህ ያለውን ጨረር ደግሞ ኦክስጅንና ኦዞን ከላይ ያስቀሩታል። ከ290 ናኖሜትር በታች ያለው ብርሃን በተግባር መሬት አይደርስም። ናይትሪክ ኦክሳይድ በሁለቱም በኩል የተጠበቀ ነው፤ ትስስሩ ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ እጥፍ በላይ ይጠነክራል፣ ለመሰንጠቅም ከ191 ናኖሜትር በታች የሆነ ብርሃን ይጠይቃል። ስለዚህ ስለ ከተማ አየር ሲወራ "ፀሐይ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ትሰነጥቃለች" የሚለው አባባል በዋነኛነት የሚመለከተው አንዱን፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ነው።

ይህ ጋዝ ከሌሎቹ የሚለየው ለዓይን በመታየቱም ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ጢስ በበዛባቸው ከተሞች አድማስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም በከፊል የእሱ ነው። ከ400 ናኖሜትር ጥቂት ባነሰ የሞገድ ርዝመት የመጣ ብርሃን ሲውጥ አንዱ ኦክስጅን ተገንጥሎ ይወጣል፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይቀራል። እስከ 420 ናኖሜትር ባለው ብርሃንም ሞለኪውሉ ቀድሞ ከሙቀት ያገኘው ጉልበት ሲታገዝበት ስንጠቃው በተወሰነ ደረጃ ይቀጥላል። የተገነጠለችው የኦክስጅን አቶም ብቻዋን አትቆይም፤ በዙሪያዋ ከሞላው ኦክስጅን ጋር ተጣብቃ ወዲያውኑ ኦዞን ትሆናለች። ናይትሪክ ኦክሳይዱ በበኩሉ ኦዞን ሲያገኝ አንድ ኦክስጅን ይነጥቀውና ተመልሶ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በዚህ መንገድ ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ፊሊፕ ሌይተን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሚዛን በሒሳብ አስቀመጠው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የብርሃኑ ብርታትና የሁለቱ ኦክሳይዶች ንጽጽር ከታወቀ፣ ሌላ ነገር ጣልቃ እስካልገባ ድረስ የኦዞኑ መጠን ይታወቃል። የሌይተን ቀመር ትልቁ ጥቅሙ፣ በእኔ ግምት፣ በተለካው አየር ውስጥ ሳይሠራ ሲቀር የሚታየው ነው። ኦዞኑ ቀመሩ ከሚለው በላይ ከሆነ አንድ የተሰወረ ነገር እየሠራ ነው ማለት ነው።

ያ የተሰወረ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ዕቁብን ማሰብ ይጠቅማል። በዕቁብ ገንዘቡ ከአባል ወደ አባል ይዞራል፤ ድምሩ ግን አይጨምርም። የኦክስጅን አቶሟም እንዲሁ ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ወደ ኦዞን፣ ከኦዞን ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ትዞራለች፤ የሚጠራቀም ትርፍ የለም። የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው ከውጭ እየመጣ በየዙሩ ገንዘብ ቢጥልበት ግን ትርፉ መከማቸት ይጀምራል። በከተማ አየር ውስጥ ይህን የሚያደርጉት በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ የቀለምና የማሟሟያ ትነት፣ የማገዶ ጢስና ከዛፎች የሚወጡት ሃይድሮካርቦኖች ናቸው። ሃይድሮክሲል የተባለው፣ ራሱም በፀሐይ ብርሃን የሚፈጠረው ደቃቅ ራዲካል (ከሌሎች ጋር በፍጥነት የሚዋሃድ የሞለኪውል ቁራጭ) ሃይድሮካርቦኖቹን ሲያጠቃ፣ ከስብርባሪያቸው ተጨማሪ ኦክስጅን የያዙ ራዲካሎች ይወለዳሉ። እነዚህ ኦክስጅናቸውን በቀጥታ ለናይትሪክ ኦክሳይድ ይሰጡታል። እንግዲህ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ኦዞንን ሳይነካ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይመለሳል፤ ፀሐይ እንደገና ትሰነጥቀዋለች፤ አዲስ ኦዞን ይወለዳል። አንድ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሞለኪውል ከአየር እስኪወጣ ድረስ ይህን ደጋግሞ ሊያደርገው ይችላል።

ይህ ዕውቀት የተገኘው በዋነኛነት ከሎስ አንጀለስ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ዓይን የሚያቃጥልና እይታን የሚጋርድ ጢስ ሸፈናት፤ ጦርነት ላይ ስለነበሩ አንዳንዶች የጃፓን የኬሚካል ጥቃት ነው ብለው ሠጉ። ጥፋቱ ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት የሚውል ቡታዳይን በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ላይ ተጣለ፤ ሥራው ቢቆምም ጢሱ አልቀረም። ምሥጢሩን የፈታው የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው የካልቴክ ባዮኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ነው፤ ቀድሞ የአናናስ መዓዛ ከየትኞቹ ውሕዶች እንደሚመጣ ያጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ባቀረበው ሥራ የሃይድሮካርቦን ትነትና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ኦዞን እንደሚፈጥሩ አሳየ። ለማረጋገጫ ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ የታጠፈ ጎማ ነበር፤ ኦዞን ጎማን ይሰነጥቃል፣ የስንጥቁ ጥልቀትም የኦዞኑን መጠን ይነግራል። በዚያው ዓመት ኬሚስቱ ፍራንሲስ ብላሴት የኦዞኑ ምንጭ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በብርሃን መሰንጠቅ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ከጭስ ማውጫው ኦዞን እንደማይወጣ፣ የሚወጣው ጥሬ ዕቃው እንደሆነና ፋብሪካው ፀሐይ እንደሆነች የተገለጠው ያኔ ነው። የመኪናና የነዳጅ ኩባንያዎች በመጀመሪያ ነገሩን ቢቃወሙም፣ ማስረጃው እየጠነከረ ሲሄድ ካሊፎርኒያ የመኪና ጭስን በሕግ መገደብ ጀመረች።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቀትር ነው። ሌሊቱን ካላየን ግን የብርሃኑን ድርሻ ሙሉ በሙሉ አንረዳውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ስንጠቃው ይቆማል፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከተረፈው ኦዞን ጋር ተገናኝቶ ናይትሬት ራዲካል የሚባል ነገር ይሠራል። ይህ ራዲካል ቀይ ብርሃንን ሳይቀር ስለሚውጥ በቀን ዕድሜው አምስት ሰከንድ ገደማ ነው፤ በሌሊት ግን ይጠራቀማል፣ እንደ ሃይድሮክሲል ሃይድሮካርቦኖችን ያጠቃል፣ ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋርም ተጣምሮ እስከ ማለዳ ይጠብቃል። በሌሊት የሚጠራቀመው ሌላው ናይትረስ አሲድ ነው። እርጥበት ባለባቸው ግድግዳዎች፣ አፈርና ጥላሸት ላይ ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይወለዳል፤ ንጋት ላይ የመጀመሪያዎቹ ጨረሮች ሲያገኙት ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድና ወደ ሃይድሮክሲል ይሰነጠቃል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ዕድሜው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ሃይድሮክሲል ደግሞ ሃይድሮካርቦኖችን የሚያነቃው ዋናው ኃይል እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ የማለዳው ስንጠቃ የቀኑን የኦዞን ሥራ ገና በጠዋቱ ያስጀምረዋል። አንድ ኦክሳይድ በብርሃን ሲፈርስ አየሩ ይባስ ብሎ ይበልጥ ንቁ ሲሆን ከሚታይባቸው ሁነቶች ሁሉ ግልጹ ይህ ይመስለኛል።

አንድ ጥሩ ተቃውሞ እዚህ ላይ ሊነሳ ይችላል። ፀሐይ ብክለቱን የማታጠራ ከሆነ እነዚህ ኦክሳይዶች ለምን ሳምንታትና ወራት ተከማችተው አይፈጁንም? በእርግጥ ይወገዳሉ፣ በውጋጁም ብርሃን እጅ አለበት። ሃይድሮክሲል ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ሲያገኘው ናይትሪክ አሲድ ይሆናል፤ ይህ አሲድ በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ በዝናብ ይታጠባል ወይም በቅጠልና በአፈር ላይ ያርፋል። በፀሐያማ ቀን የኦክሳይዶቹ ዕድሜ በሰዓታት የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ይሏል። መጀመሪያ፣ ይህ ውጋጅ የመገጠም ውጤት ነው፤ ሃይድሮክሲል የሚይዘው ያልተሰነጠቀውን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ስንጠቃው በራሱ ምንም አላስወገደም። ሁለተኛ፣ ስንጠቃው የሚፈጀው ደቂቃዎችን፣ ውጋጁ የሚፈጀው ሰዓታትን ነው። በዚያ ልዩነት ውስጥ ዑደቱ ይደጋገማል፣ ኦዞኑም ይከመራል። አሲዱም ቢሆን ከምድር አልጠፋም፤ ወደ አፈርና ወደ ሐይቅ ወርዷል። የጠንካራ ፀሐይ ባለቤት መሆን ዑደቱንም ውጋጁንም ያፋጥናል፤ ኦዞኑ ግን ከጋዞቹ ምንጭ ርቆ፣ ንፋሱ በሚሄድበት በኩል ባለው መንደርና እርሻ ላይ ስለሚደርስ፣ ከተማው መሃል ቆሞ አየሩ ጠርቷል ማለት ጎረቤትን መዘንጋት ነው።

ብርሃን በእርግጥ የሚያፈርስበትን ቦታ ለማየት ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ ከታች የሚነካው ስለሌለ ቀስ በቀስ ወደ ላይኛው የአየር ንጣፍ፣ ወደ ስትራቶስፌር፣ ይወጣል፤ በተለይ በምድር ወገብ አካባቢ አየሩ ወደ ላይ ስለሚነሳ መንገዱ እዚያ ነው። ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ አጭር ሞገድ ያለው ጨረር ያገኘዋል፤ ከመቶ 90 ያህሉ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ኦክስጅን አቶም ይሰነጠቃል። ይህ እውነተኛ ማፍረስ ነው። የቀረው ግን በጉልበት ከተሞላች የኦክስጅን አቶም ጋር ይጋጭና በከፊል ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970 ፓውል ክሩትዘን እነዚህ ኦክሳይዶች በስትራቶስፌር ኦዞንን እየበሉ ራሳቸው ሳያልቁ እንደሚዞሩ አሳየ፤ በ1971 ኬሚስቱ ሃሮልድ ጆንስተን ከድምፅ የፈጠኑ አውሮፕላኖች በዚያ ከፍታ ቢበሩ የሚያስከትሉትን አደጋ በዚሁ መሠረት አስጠነቀቀ። ክሩትዘን በ1995 ከማሪዮ ሞሊናና ከሸርውድ ሮውላንድ ጋር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ከታች ኦዞን የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከላይ ኦዞን የሚያጠፋው ሆኖ መገኘቱ ብዙ አንባቢ ያደናግራል፤ መልሱ በዙሪያው ያለው ነገር መለያየቱ ነው። ከላይ ብቸኛ የኦክስጅን አቶሞች ስለሚበዙ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን ብርሃን ሳይደርስበት ኦክስጅኑን ይነጥቁታል፤ ዑደቱም ወደ ኪሳራ ይዞራል።

ከዚያም በላይ፣ በስትራቶስፌር ጫፍና ከእሱ በላይ ባለው በሜሶስፌር፣ ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚሰነጥቀው ጨረር ይገኛል። የተገነጠለው ናይትሮጅን አቶም ሌላ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲያገኝ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ንጹሕ ናይትሮጅን ይሠራል፤ አንድ የብርሃን ቅንጣት ሁለት ኦክሳይዶችን ጠራርጎ ያስወግዳል ማለት ነው። ፀሐይ ታጠራለች የሚሉ ሰዎች የሚያልሙት ይህን ነው። እዚያ የሚደርሰው ጋዝ ግን ከመኪና ጭስ የወጣው አይደለም፤ የመኪናው በዝናብ የሚታጠበው ወደ ላይ ሳይወጣ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድም ቢሆን የሚፈርሰው ከሚለቀቀው ፍጥነት ጋር ሊተካከል ባለመቻሉ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በቢሊዮን 270 ገደማ ክፍል የነበረው ዛሬ ከ335 በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አይሸፍነውም፤ በ2009 በታተመ ጥናት ግን ዛሬ ከሚለቀቁት ኦዞን አጥፊ ጋዞች ዋነኛው እሱ መሆኑ ተገልጿል።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ከፖሊሲ በኩል የሚመጣው ነው። በሎስ አንጀለስ የጭነት መኪኖች በሚቀንሱበት እሑድ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ዝቅ ሲሉ ኦዞኑ ከፍ ብሎ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በወረርሽኙ ምክንያት ሰሜን ቻይና እንቅስቃሴ ሲገታም ተመሳሳይ ነገር ታየ። እንግዲያውስ ኦክሳይዶቹን መቀነስ ኦዞኑን የሚያባብሰው ከሆነ ለምን እንደክማለን? ማስረጃው እውነተኛ ነው፤ ሊሸፋፈንም አይገባም። የሚያስረዳውም ይኸው ዑደት ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በጣም ሲበዛ ኦዞኑን እየነጠቀ ስለሚያጠፋውና ሃይድሮክሲልንም ስለሚያስር፣ ጥቂት ሲቀነስ ኦዞኑ ከእስር ይፈታል። ነገር ግን ከመንገድ ዳር የጠፋው ኦዞን በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መልክ ተደብቆ ቆይቷል እንጂ አልሞተም፤ የሁለቱ ድምር ሲታይ ጭማሪው ከመሰለው ያነሰ ይሆናል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ራሱም ሳንባን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዓመታዊ አማካይ ጣሪያውን በሜትር ኩብ ከ40 ማይክሮግራም ወደ 10 ያወረደው ስለዚህ ነው። ሎስ አንጀለስ እሑድን ፈርታ አልቆመችም። ሃይድሮካርቦኖቹንም ኦክሳይዶቹንም አብራ ለአሥርት ዓመታት ቀነሰች፤ በ1950ዎቹ በቢሊዮን ከ500 ክፍል በላይ ይደርስ የነበረው የኦዞን ጫፍ፣ የመኪናው ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጎ እንኳ፣ ዛሬ እዚያ አይደርስም። መሃል ላይ ያለው የኦዞን ጭማሪ ጉብታ እንደሚያልፍ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ብርሃኑን ለማጥሪያ እንጠቀምበት የሚሉም አሉ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተቀባ አስፋልትና ግድግዳ በፀሐይ ሲመታ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ በቤተ ሙከራ ያምራል። ከተማ ላይ ግን አየሩ ግድግዳውን የሚነካው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ናይትረስ አሲድ የሚለቅበትም ሁኔታ አለ። ከምንጩ ለመቀነስ የሚውለውን ገንዘብ ወደዚህ ማዞር አይገባም ባይ ነኝ።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባን በቀጥታ ይመለከታል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ወደ አናት ትጠጋለች፣ ከላይ ያለው አየር ስስ ነው፣ በሞቃት ቀበሌ ያለው የኦዞን ንጣፍም ከዋልታ አካባቢዎቹ ይሳሳል። ክረምት ደመናው ይከልላል እንጂ፣ በበጋ ሰማይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን የሚሰነጥቀው ብርሃን ብርቱ ነው። የቆዩ የናፍጣ መኪኖች ኦክሳይዱን፣ ማገዶና በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሃይድሮካርቦኑን ያቀርባሉ። ኦዞን ደግሞ ለሳንባ ብቻ የሚያሰጋ አይደለም፤ በቅጠል ቀዳዳ ገብቶ የስንዴን ምርት እንደሚቀንስ የታወቀ ስለሆነ ንፋስ በሚወስደው በኩል ያለው ገበሬ ጉዳይም ነው።

ይህን ከሳተላይት ብቻ ለመረዳት መሞከር ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 የመጠቀው የአውሮፓ ሳተላይት ትሮፖሚ በተባለው መሣሪያው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን በዝርዝር ይለካል፤ የሚያልፈው ግን በየቦታው የፀሐይ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው። ያ ሰዓት ብርሃኑ በርትቶ ዳይኦክሳይዱን የሚሰነጥቅበት፣ አየሩም ወደ ላይ የሚሰፋበት ሰዓት ስለሆነ የሚታየው መጠን ከማለዳው ጫፍ በብዙ ያነሰ ይሆናል። እስያን ከ2020 ጀምሮ፣ ሰሜን አሜሪካን ከ2023 ጀምሮ በየሰዓቱ የሚከታተሉ ሳተላይቶች ተሰቅለዋል፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሰማይ ግን እንዲህ አይከታተሉም። ስለዚህ መሬት ላይ፣ ከማለዳ እስከ ማታ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድን፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንና ኦዞንን አንድ ላይ የሚለካ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከመንገድ ዳር፣ ሌላው ከከተማው ውጭ ንፋሱ በሚደርስበት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ፣ ኤሌክትሪኩም በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ መሆኑ ለዚህ ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። ነገር ግን በቤንዚን የሚሠሩት ሲቀንሱ በናፍጣ የሚሠሩት የጭነት መኪኖችና ጄኔሬተሮች ይቆያሉ፤ የኦክሳይዶቹ ቅነሳ ከሃይድሮካርቦኑ ጋር እኩል ላይራመድ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመንገድ ዳር የተተከለ መሣሪያ የኦዞን ጭማሪ ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ሲቀንስ የሚነጠቀው ኦዞንም ይቀንሳልና። ያን ጊዜ ውጤቱን ለመመዘን የኦዞንንና የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ድምር ማየት፣ የጭነት መኪኖቹን ናፍጣና የማገዶውን ጢስ በተራ መያዝ፣ ከተማው ዳርቻ ያለውን ጣቢያም መጠየቅ ይገባል።